የሁለት ድንኳን አጋፋሪ

አባቴ በዕድሜው ሙሉ የመንግሥት ደመወዝ ተቀብሎ አያውቅም፤ ሹመት ግን ነበረው። ከሐይቅ ዳርቻ እስከ አርዲቦ፣ አንዳንዴም እስከ ውጫሌ ድረስ፣ ድግስ ያሰበ ሰው መጀመሪያ በሬ ይገዛል፣ ቀጥሎ አባቴን ይጠራል። አጋፋሪ ነበር። በድግሱ ደጅ ዘንግ ይዞ ይቆማል፣ እንግዳውን ይቀበላል፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ያውቃል፣ ወስዶ ያስቀምጣል። ስሙ የቤተ መንግሥት ስም ነው። ድሮ የነገሥታቱን ደጅ የሚጠብቅ፣ ባለጉዳዩን የሚያስገባና የሚመልስ ሹም አጋፋሪ ይባል ነበር። አያቴም በአንድ የአምባሰል ገዥ ግቢ በዚሁ ማዕረግ አገልግሏል ይባላል። ገዥውም አለፉ፣ ግቢውም ፈረሰ፤ ለአባቴ የደረሰው የአያቴ የወይራ ዘንግና ሰውን ሁሉ ከነዘር ማንዘሩ የማወቅ አባዜ ብቻ ነው።

እኛ አገር ይህ ሥራ ከሌላው አገር ይከብዳል። ድግስ ሲደገስ ድንኳኑ ሁለት ነው፤ አንዱ የክርስቲያን፣ አንዱ የእስላም። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለእስላም ጎረቤቶቹ ሰንጋ ለይቶ ይሰጣቸዋል። እነሱ ራሳቸው ያርዳሉ፣ በራሳቸው ዕቃ ራሳቸው ይሠራሉ፣ የራሳቸውን እንግዳ ራሳቸው ያበላሉ። እስላሙ ሲድርም እንደዚያው ነው። ዘፈኑ አንድ፣ ሙሽራዋ አንድ፣ ምርቃቱ አንድ፤ ሥጋው ብቻ ሁለት። እኛ በዚህ አድገናልና አይደንቀንም።

ታዲያ በር ላይ የቆመው ሰው የመጣውን ሁሉ ለይቶ ወደየድንኳኑ መምራት አለበት። በስም አይለይም፤ የራሱ ስም የክርስቲያን፣ የአባቱ የእስላም፣ የአያቱ ደግሞ ተመልሶ የክርስቲያን የሆነ ሰው ሞልቷል። በልብስም አይለይም፤ ሁሉም ለሰርግ ነጭ ለብሶ ይመጣል። መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። “የየትኛው ነዎት?” ብሎ እንግዳን መጠየቅ “አላውቅዎትም፣ ለምን መጡ?” ከማለት አይሻልም። አባቴ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ሰው ጠይቆ አያውቅም ነበር። ኩራቱ ይኸው ነበር፤ ሌላ ኩራት አላየሁበትም።

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ኮስታራ ይሉኛል፤ አልተሳሳቱም። ለረጅም ዓመት ከወሎ ውጭ ሳስተምር ኖሬ፣ እናቴ ስታርፍ ዝውውር ጠይቄ ወደ ሐይቅ ተመለስኩና አባቴ ቤት ገባሁ። እሱን ልጦር ነው የመጣሁት እላለሁ፤ እሱ ደግሞ ለሰው ሲያወራ “መጥታብኝ ነው” ይላል።

የዚያን ዓመት ደሴ ላይ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ገዝቼ ነበር። የሚያወራው ስለ ቁስጥንጥንያ ቤተ መንግሥት፣ ስለ ቢዛንቲየም ነገሥታት አገልጋዮችና ማዕረጎች ነው። ለክፍል የሚጠቅመኝ ገጽ ቢበዛ ሁለት ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ግን አባቴን ጓሮ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ሐይቁ ከታች እየታየን፣ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብለት ጀመር። ድሮ ራሱ ነበር መነጽሩን ሰክቶ የሚያነበው። ያኔ “አንቺ አንብቢው፣ ድምፅሽ ይጥማል” አለኝ። ድምፄ ይጥማል ያለኝ ሰው በሕይወቴ እሱ ብቻ ስለሆነ ደስ ብሎኝ አነበብኩ። ልጠረጥር ይገባኝ ነበር።

እንደ ጉድ ወደደው። ጎህ ሲቀድ የቤተ መንግሥቱን በር በቁልፍ የሚከፍት ትልቅ ሹም አለ። ንጉሡ የሚፈርምበትን ቀይ ቀለም የሚይዝ፣ ከሱ ሌላ ማንም የማይነካው ሹም አለ። ሹመት የሚሰጠው እንደየደረጃው ነው፤ ለአንዱ መታጠቂያ፣ ለአንዱ የአንገት ሐብል፣ ለአንዱ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ሰሌዳ። በዙፋኑ ፊት ዝምታ እንዲከበር ብቻ የተሾሙ ሰዎችም ነበሩ ስለው፣ “ለዚህ ሹም ያስፈልጋል? አንቺን ቢያገኙ ኖሮ ባንድ አፍ በገላገልሻቸው” አለኝ። የኛ የሐይቅ ገዳም አበምኔቶችም በነገሥታቱ ዘመን ዓቃቤ ሰዓት ተብለው በቤተ መንግሥት ታላቅ ማዕረግ እንደነበራቸው ላስተምረው ስሞክር፣ ያን እኔ ሳልወለድ ያውቀው ኖሯል። ንጉሥ ማን መቼ እንደሚገባበት የሚያውቅለት ሰው ከሌለው ምኑን ንጉሥ ሆነ፣ ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ያሳዘኑት ጃንደረቦቹ ናቸው። ከሹማምንቱ ሁሉ ለንጉሡ የሚቀርቡት እነሱ ነበሩ፤ የሚያለብሱት፣ የሚያስተኙት፣ አንደኛው ማዕረጉ ራሱ ከንጉሡ መኝታ አጠገብ የሚተኛ ማለት ነው። ልጅ ስለማይወልዱና ዙፋን ስለማይመኙ ይታመናሉ። ይህን ሳነብለት ፊቱን ወደ ሐይቁ ብርሃን መለሰ። ልጅ የሌለው ሰው ሲያረጅ እጁን ማን ይይዘዋል ብሎ ጠየቀኝ። መጽሐፉ ስለዚያ አያወራም አልኩት። ያልጻፉት የሚያስፈልገውን ነው አለ።

ከሁሉ በላይ የወደደው ግን የሙያ ጓደኛውን ነው። በንጉሡ ግብዣ ላይ እንግዶቹን እንደየማዕረጋቸው የሚያስቀምጥ ሹም ነበር፤ ስም እየጠራ፣ ማን ከማን በላይ፣ ማን ከማን በታች እንደሚቀመጥ የተጻፈ ዝርዝር ይዞ። አባቴ ዝርዝሩን ሲሰማ ናቀው። ጽፈው ከሰጡትማ ማን ያቅተዋል አለ። ቀጥሎ ግን፣ ያ ሰውዬ ቢሳሳትስ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀኝ። መጽሐፉ ውስጥ መኖሩን እንኳ ሳላረጋግጥ፣ እንደ አስተማሪ ልማዴ ከራሴ ጨምሬ፣ ሹመቱን ይገፈፋል፣ በሰው ፊት ይዋረዳል፣ አልኩት። አፌን በቆረጠው ብዬ የተመኘሁት በኋላ ነው።

ያወቅሁት በኩባያ ነው። ሻዩን ሁልጊዜ በቀኙ በኩል አኖርለት ነበር። አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ ደብተር በትኜ ስለነበር በግራው በኩል አኖርኩለት። እጁ ቀጥ ብሎ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ባዶ ቦታ ዳሰሰ፣ ተመለሰ። ኩባያው ዓይኑ ሥር ነው። ደብተሮቼን ትቼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ከመቼ ጀምሮ ነው አልኩት። ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ነው አለኝ። ጥላ ይታየዋል፣ ብርሃን ይታየዋል፣ ፊት ግን አይታየውም። ተቆጣሁ፤ ለምን አልነገርከኝም ብዬ ያልሆነ ነገር ሁሉ ተናገርኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ደሴ ወስጄ ሐኪም አሳየሁት። የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም፣ ጠብታው የቀረውን ይጠብቅለታል ተባልን።

በመኪና ስንመለስ አንድ ነገር ለመነኝ። በጥር የወንድሜ ልጅ ታገባለች፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጁ ናት። እስከዚያ ለማንም እንዳልናገር። “የሷን ድግስ ደጅ እኔ ልቁም። ከዚያ በኋላ ዘንጉን ራሴ አስቀምጣለሁ፣ ራሴ እነግራቸዋለሁ” አለኝ። አንድም ነገር ለምኖኝ የማያውቅ ሰው ነው። እሺ አልኩት።

እስከዚያ ድረስ ግን እንዴት ቆየ? ከፋሲካ ወዲህ ሦስት ድግስ ላይ ቆሟል፣ ማንም አላወቀበትም። ስጠይቀው ሳቀብኝ። ሰው ደጅ ሲደርስ ሰላምታ ይሰጣል አይደል? በድምፁ የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል፤ አሰላሙ አለይኩም ይበል፣ እንደምን ዋላችሁ ይበል፣ አባቴ ሰውየውን ከነሰፈሩ ይለየዋል። ድሮም በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነበር ለካ የሚሠራው። እንግዲህ የሰርጉ ቀን እኔ በጎኑ እቆማለሁ፣ ድምፁ ያልለየለትን እኔ አይቼ በጆሮው ሹክ እለዋለሁ ተባባልን። ሴት ልጅ በአጋፋሪ ጎን ስትቆም ታይቶ አይታወቅም፤ የሙሽራዋ አክስት ነኝ፣ ማን ይናገረኛል አልኩ።

ወንድሜ ደሴ ነጋዴ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ዘመናዊነት ግን ያንገበግበዋል። ማይክ ይዞ ዝግጅቱን የሚመራ ልጅ ቀጥሬያለሁ፣ አባባ አርጅቷል፣ የክብር ቦታ ይቀመጥ አለኝ። እኔም በወንድሜ ላይ ያለኝን ቁጣ ሁሉ አወጣሁት። አባታችን በገዛ የልጅ ልጁ ድግስ እንደ ማንም ተጋባዥ ሊቀመጥ ነው ወይ ብዬ ሰፈር እስኪሰማ ጮህኩ። ምክንያቱን ግን አልነገርኩትም። ወንድሜ ከኔ ጋር መጨቃጨቅ ስለሚፈራ ተስማማ፤ አባታችን በሩ ላይ ይቆማል፣ ማይኩም ይኖራል።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት፣ ድግሱ ወደተሰናዳበት ሐይቅ ዳር ግቢ ስንደርስ፣ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ከግቢው በር ግራና ቀኝ ተገትረዋል። ከሰው ቁመት ይበልጣሉ። ሙዚቃው ሲለቀቅ ጥርሴ ተነቃነቀ። አባቴን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መሰለ። የመጣው ሁሉ አፉን ይከፍታል፣ ድምፁ ግን አይሰማም። እኔም በጆሮው ብጮህ አይሰማኝም። ወንድሜን ለምኜ ላስቀንስ ሄድኩ፤ እሱ በጉ አልደረሰም፣ ወንበሩ ጎደለ እያለ አሥር ቦታ ይሮጣል፣ እሺ ብሎኝ ረሳው።

ስመለስ አባቴ ዘንጉን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል። ክርኑን ያዝኩት። ያኔ ነው ዘዴው የመጣልን፤ ማን እንዳመጣው አላውቅም፣ አንደኛችን ነን። የክርስቲያኑ ድንኳን በቀኝ፣ የእስላሙ በግራ ነው። ቀኝ ክርኑን ስጫነው ወደ ቀኝ፣ ግራውን ስጫነው ወደ ግራ። ለሽማግሌ ሁለቴ፣ ለቄስ ወይ ለሼህ ሦስቴ፣ ያን ጊዜ ጎንበስ ብሎ ይቀበላል። እኔ ከኋላው እንደ ጥላ ቆሜ እጫናለሁ፣ እሱ ጎንበስ ይላል፣ ዘንጉን ወደ ቦታው ይዘረጋል፣ አስተናጋጆቹ ይወስዷቸዋል።

ሠራ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። የሰፈራችንን ሰው ሁሉ አውቃለሁ፤ የማላውቀው ሲመጣ ከማን ጋር እንደመጣ፣ ማን እንደሳመው አይቼ እለያለሁ። አንድ ዓሣ አስጋሪ ጎረቤታችን ሲያልፍ ዛሬ አባትሽን ምን አድርገሽው ነው የተጣበቅሽበት ብሎ ቀለደብኝ። አባቴ አልሰማም፣ ግን እየሳቀ ነበር። እንደዚያ ቀን ቀርቤው አላውቅም። ሹመቱን በእጄ የያዝኩለት መሰለኝ፣ ደስ አለኝ፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽም ተኩራራሁ።

ወደ ሰባት ሰዓት ላይ ከአምባሰል በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ደረሱ። ረጅም ናቸው፣ ግንባራቸው ላይ ጠባሳ አለ። ባየኋቸው ቅጽበት ለየኋቸው። ልጅ ሳለሁ እናቴ ግሸን ማርያም ይዛኝ ሄዳ ነበር። መኪናው ካወረደን በኋላ ዳገቱን በእግር ስንወጣ፣ ከፊታችን አንድ ጎልማሳ አሮጊት እናቱን በጀርባው አዝሎ ይወጣል፤ ላቡ ግንባሩ ላይ ባለው ጠባሳ ይወርዳል። እናቴ የአባትሽ ወዳጅ ነው ብላ አሳይታኝ፣ እናቱን የሚያዝል ልጅ ስጪኝ ብዬ ለምኛለሁ ስትለኝ ትዝ ይለኛል። ሃምሳ ዓመት ገደማ ቢያልፍም ያ ፊት ከዓይኔ አልጠፋም። እናታቸውን አዝለው ግሸን የወጡ ሰው! ሳላመነታ የአባቴን ቀኝ ክርን ሁለቴ ተጫንኩ።

አባቴ ጎንበስ አለ፣ ዘንጉን ወደ ቀኝ ዘረጋ። ሽማግሌው አንድ ነገር ተናገሩ፣ ሙዚቃው ዋጠው። ትንሽ ቆም ብለው አባቴን አዩት፣ ከዚያ ወደ ቀኙ ድንኳን ገቡ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ድምፅ ማጉያዎቹ ባንዴ ጸጥ አሉ፤ የሰው ወሬ፣ የሳህን ድምፅ፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ሁሉ ይሰማ ጀመር። ከክርስቲያኑ ድንኳን አንዲት አስተናጋጅ፣ አባባ ምነው አልበሉም እንጀራው እንዳለ ነው እኮ ስትል ሰማን። ለሷ የመለሰላት ድምፅ ወፍራምና ለስላሳ ነበር። “አልሃምዱሊላህ ልጄ፣ ጠግቤ ነው የመጣሁት” አለ።

የአባቴ ክርን በእጄ ውስጥ ደነደነ። ድምፁን አውቆታል። እኔም ያኔ ገባኝ። እኚህ ሰው እስላም ናቸው። ክርስቲያኗ እናታቸው ነበሩ። እስላም ልጅ ክርስቲያን እናቱን አዝሎ ግሸን አድርሷታል፤ እኔ፣ የታሪክ አስተማሪዋ፣ ባየሁት አንድ ነገር በሙሉ ሰው ላይ ፈረድኩ። ወሎ ተወልጄ ይህን አለማሰቤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እሳቸውም ያልታረደላቸው ሥጋ የቀረበበት ማዕድ ላይ፣ እጃቸውን ታጥበው፣ የቤቱን ሰው ላለማሳፈር ዝም ብለው ግማሽ ሰዓት ተቀምጠዋል።

እኔ ነኝ አባባ፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኩህ፣ አልኩት። እጄን ቀስ አድርጎ ከክርኑ ላይ አነሳውና ብቻውን ወደ ድንኳኑ ገባ። ድምፁን ይዞ ነው የሚሄደው። አንድ አግዳሚ ወንበር ጉልበቱን መታው፣ የጠላ ማንቆርቆሪያ ገለበጠ፣ ዘንጉ ከእጁ ወደቀ። ወንድሜ ድንኳኑ መሐል ሳህን እንደያዘ ቀረ። አባቴ በዳበሳ ሄዶ ከሽማግሌው ፊት ለፊት ቆመ፤ ከዚያም ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ።

“ስሙኝ። ዓይኔ ከጠፋ ሰንብቷል። የደበቅኋችሁ እኔ ነኝ። ይህን ወንድሜን ያለ ቦታው ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ። ልጄ የለችበትም።”

ለአንድ ቀን ብቻ ሊያቆየው የለመነኝን ነገር፣ ድግሱ ሳያልቅ፣ የልጅ ልጁ ሙሽራ ሆና ሳትመጣ፣ በሦስት መቶ ሰው ፊት አወጣው። ያወጣውም እኔ እንዳልነቀፍ ነው። ሹመቱን ይገፈፋል ብዬ ከራሴ የጨመርኩት ነገር ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

ሽማግሌው ተነሱ። የአባቴን ሁለት እጅ ያዙ። “አብሽር ወንድሜ” አሉት። “ዘንግህ ወደዚህ ሲመራኝ፣ ለእናቴ ብለህ ነው ያልኩት። አንድ ቀን እንኳ ከእናቴ ወገን ጋር ይቀመጥ ብለህ። ወላሂ ደስ ብሎኝ ነው የተቀመጥኩ። መብላቱ ብቻ ነው የቀረኝ።”

አባቴ አለቀሰ። እናቴ ስትቀበር እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም። ሽማግሌው ክንዱን በክንዳቸው ቆልፈው ይዘውት ወጡ፤ ለሚያይ ሰው አጋፋሪው እንግዳውን ወደ ግራው ድንኳን የሚወስድ ይመስላል፣ መንገዱን የሚመርጡት ግን እሳቸው ነበሩ፤ አግዳሚውን፣ ገመዱን፣ ካስማውን እያሳለፉ። እዚያ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ለሽማግሌው የእስላሙ ሥጋ ቀረበ፤ አባቴ ያን ስለማይበላ ዳቦና ማር አመጡለት። እኔ በሩ ላይ ሆኜ አየኋቸው።

መብራቱ ሲመለስ ድምፅ ማጉያው አልጮኸም። ወንድሜ ነው ገመዱን ነቅሎ በእጁ ጠቅልሎ የያዘው። ወደ እኔ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። አንቺ ታውቂ ነበር አለኝ፤ አዎ አልኩት። ግንባሩን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ከዚያ የወደቀውን ዘንግ አምጥቶ ሰጠኝ፤ እንግዳ ገና እየመጣ ነበርና በሩ ሰው ይፈልጋል። ያን ቀን ከሰዓት ነውሩን ጥዬ የማላውቀውን ሁሉ ጠየቅሁ። አንዲት አሮጊት፣ የአባትሽን ዘንግ ያዝሽ እንጂ የአባትሽን ጭንቅላት አልያዝሽም ብለው ወረፉኝ፤ እውነታቸውን ነው።

ከዚያ በኋላ አባቴ ዘንጉን ከበሩ ጀርባ አቆመውና አልነካውም። መጽሐፉን ላንብብልህ ስለው ይቅር አለኝ። ድግስ ይጠሩት ነበር፤ አሞኛል እያለ ይቀራል። የዓይኑን ሳይሆን ወንበር ላይ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ መዋሉን ነበር የማልችለው።

በሚያዝያ ሽማግሌው ስልክ ደወሉ። የመጨረሻ ልጃቸውን ሊድሩ ነው፣ አጋፋሪነቱን ለአባቴ ሰጥተዋል። አባቴ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይን የለኝም እኮ ወንድሜ አላቸው። እሳቸው የመለሱትን ድምፃቸው ወፍራም ነውና ከአጠገቡ ሆኜ ሰማሁት። “ዓይንማ ሞልቶናል። የቸገረን ሰው የሚያውቅ ነው። ልጅቱንም ይዘሃት ና፣ ትልመድ።” ልጅቱ እንግዲህ እኔ ነኝ፤ ጡረታ ልወጣ ጥቂት የቀረኝ ሴት።

አምባሰል ስንደርስ ደጃቸው ላይ አንድም ድምፅ ማጉያ አልነበረም። ሁለት ድንኳን ተተክሏል፤ ያሁኑ ትልቁ የእስላሙ ነው፣ በግራ፤ ትንሹ የኛ፣ በቀኝ። በሩ ላይ አንድ ወንበር አኑረውለት አባቴ ተቀመጠ። ዘንጉን እንካ ብዬ ስሰጠው መልሶ በእጄ አስጨበጠኝ። አንቺ ቁሚ አለኝ። ከዚያ ሁለት እጁን ዘርግቶ ከኋላዬ ክርኖቼን ያዘ።

የመጀመሪያው እንግዳ መጣ። በደንብ አየሁት፤ አለባበሱን፣ አረማመዱን፣ ከማን ጋር እንደመጣ ሁሉ መዘንኩና ወደ ቀኝ ነው ብዬ በልቤ ቆረጥኩ። ዘንጉን ላነሳ ስል ሰውየው ሰላምታ ሰጠ። አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ፣ ፊቱ በራ፣ ግራ ክርኔን ጫን አደረገው።

ዘንጉን ወደ ግራ ዘረጋሁ። ሰውየው እዚያ ደርሶ ወንድሞቹ ተነስተው ሲያቅፉት አየሁ። ከዚያ በኋላ ማንም ቢመጣ፣ ቀድሜ አልፈረድኩም፤ የአባቴ ጣቶች ክርኔ ላይ እስኪናገሩ ጠበቅሁ።